የሚያውቁት ሐረግ ሲጥል፦ የምንባብ ጥያቄና መልስ

ጅማ ላይ ተማሪ አስጠናለሁ። ሰሞኑን «ስለ ምንባብ የከበዳችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ፤ እነሆ መልሱ።

ቲቸር፣ «የሐረጉ አገባባዊ ፍቺ ምንድን ነው?» የሚለው ሁሌ ይጥለኛል። ሐረጉን አውቀዋለሁ እኮ!

የጣለሽ ማወቅሽ ነው። አገባባዊ ፍቺ ማለት ሐረጉ እዚያ ቦታ ላይ የሚሰጠው ትርጉም ነው። ይችን እዪ፦

«ሽማግሌው ቡናቸውን ማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥተው ገበያ ወረዱ። ከሰዓት ዝናብ ጣለ። ሸራ የሚያለብስ ሰው አልነበረም። የስንት ቀን ድካማቸውን ውሃ በላው።»

ምርጫው፦ ሀ. ጎርፍ ወሰደው፤ ለ. ከንቱ ቀረ። ዝናብ ስላየሽ እጅሽ «ሀ» ላይ ይሮጣል። ቆይ! የተበላው ምንድን ነው? ቡናው አልተባለም፤ ድካማቸው ነው። ድካምን ደግሞ ጎርፍ አይወስደውም። መልሱ «ለ» ነው። «አዌቱ ወንዝ ሞልቶ ጥጃዋን ውሃ በላት» ቢል ግን እውነትም ውሃ ወስዷታል። ሐረጉ ያው ነው፤ የለወጠው አጠገቡ ያለው ቃል ነው።

ሰዓት ያጥረኛል። ለአንድ ሐረግ ምንባቡን ሁሉ ልድገም?

ኧረ በፍጹም። ከሐረጉ በፊት ያሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮችና ቀጥሎ ያለውን አንድ ዓረፍተ ነገር አንብብ። አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

አፌን የፈታሁት በአፋን ኦሮሞ ነው። የአማርኛ ፈሊጦችን ልሸምድድ?

ሸምድደህ አትዘልቀውም። «ሦስቴ ተጣራችው፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መንገዱን ቀጠለ» ይላል እንበል። ዳባ ምን እንደሆነ ብዙ አማርኛ ተናጋሪም አይነግርህም። «ግን» የምትለዋን ያዝ። ተጠርቷል፤ አልቆመም። ስለዚህ እንዳልሰማ ሆኗል ማለት ነው። እንዲያውም እንዳንተ ያሉት ልጆች ፍንጭ ስለሚፈልጉ ብዙ ጊዜ ይሻላሉ። የለመደው ሳያነብ መልሱን ያጠቁራል።

እንግሊዝኛው ላይስ ይሠራል?

ይሠራል። እዚያ «በት» (but) እና «ሃውኤቨር» (however) የሚሉትን ፈልግ፤ ሁለቱም እንደ «ግን» ናቸው። ከነሱ በኋላ ሐሳቡ ይገለበጣል።

ሁለት ምርጫ እኩል ልክ ሲመስለኝስ?

ሁለቱንም በየተራ ሐረጉ ቦታ ተክተሽ አንብቢ። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር የተጣላውን ሰርዢ። ምርጫዎቹን ከማየትሽ በፊት የራስሽን ፍቺ ብታስቀምጪ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ምርጫ ሲቀድም ያደናግራል።

እኔ ወላጅ ነኝ። መዝገበ ቃላት ልግዛለት?

ይግዙለት እናቴ፣ ግን ፈተና ክፍል ይዞት አይገባም። ማታ ማታ አንድ አንቀጽ ያስነብቡት። አንዱን ሐረግ በጣትዎ ሸፍነው «እዚህ ጋ ምን የሚል ይመስልሃል?» ይበሉት።