ከጣሳው በፊት ሳህኑን ሙሉት፦ ጡንቻ መገንባት ለምትፈልጉ ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

በሥነ ምግብ ሙያ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት ከተማሪዎች ጋር ነው፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ከእነሱ አንዱን መርሳት ስላልቻልኩ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀጠን ያለ፣ አንገቱን የደፋ የ19 ዓመት ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጣ። ክብደት ማንሳት ከጀመረ ስድስት ወር ሆኖታል፤ ጉልበቱ ጨምሯል፣ ሰውነቱ ግን እንደነበረ ነው። እኔም የተማርኩትን በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፦ ፕሮቲን ጨምር፣ ሥጋና ወተት አዘውትር። በኪሱ ምን እንዳለ አልጠየቅሁትም። ከሁለት ወር በኋላ ሲመለስ ሦስት ኪሎ ቀንሶ ነበር። ምክሬን አክብሮ የወር ገንዘቡን ግማሽ ያህል በአንድ ጣሳ የፕሮቲን ዱቄት ላይ አውሎታል፤ ጣሳውን ለመግዛት ሲል ደግሞ ምሳ መብላት አቁሟል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ጡንቻ መገንባት ለሚፈልግ ተማሪ የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ፕሮቲን ሆኖ አያውቅም። «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በላህ? ለምግብስ በሳምንት ምን ያህል ማውጣት ትችላለህ?» እላለሁ። መልሱን እስክሰማ ድረስ ምንም አልመክርም።

ሰውነት ልብን ለማስመታት፣ ለመተንፈስ፣ ለማሰብ፣ ሙቀቱን ለመጠበቅ በየሰዓቱ ካሎሪ ያወጣል። ይህ ወጪ ሳይሸፈን አዲስ ሥጋ ለመሥራት እጁን በቀላሉ አይዘረጋም። ምግብ ሲያጥረው የበላችሁትን ፕሮቲን ራሱን ለጉልበት ያነደዋል። በዚያ ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ በርሃብ የገዛው ውድ ዱቄት ማገዶ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ቀጭን የሆናችሁና ገንዘብ ያጠራችሁ ከሆነ በመጀመሪያ የካሎሪውን ጉድለት ሙሉ። ደግነቱ ከምግብ ሁሉ ርካሹ ነገር ካሎሪ ነው።

«ብዙ እበላለሁ፤ ግን ጠብ አይልልኝም» የሚለውን ቃል የሰማሁበትን ቁጥር አላውቀውም። ተናጋሪው አይዋሽም። እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪው ጄምስ ሌቪንና ባልደረቦቹ 16 ፈቃደኛ ሰዎችን ለስምንት ሳምንታት ከሚያስፈልጋቸው በላይ በየቀኑ 1,000 ካሎሪ አበሏቸው። ሁሉም እኩል አበልጦ በላ፤ የጨመሩት ስብ ግን ከግማሽ ኪሎ በታች እስከ አራት ኪሎ በላይ ተለያየ። አንዳንዱ ሰው ብዙ ሲበላ ሳያውቀው ይበልጥ ይንቀሳቀሳል፤ ይቁነጠነጣል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ይመላለሳል፤ ትርፉን እዚያው ያወጣዋል። ሌላም ምክንያት አለ፤ ሰው የሚያስታውሰው የጠገበበትን ቀን ነው። ቅዳሜ ማታ የተበላው ትልቅ ሳህን ይታወሳል፤ ማክሰኞ በፈተና ምክንያት የተዘለለው ቁርስና ምሳ ይረሳል። ጡንቻ የሚሠራው ግን በሳምንቱ ድምር ነው። ለሦስት ቀን የምትበሉትንም የምትጠጡትንም ሁሉ ጻፉ፤ ሳታሳምሩ፣ ሳትቀንሱ። ብዙ ተማሪዎች በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ይዘው ሲመጡ ችግሩን ከእኔ በፊት አግኝተውት ነው።

የሚያስፈልጋችሁን ለመገመት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የሚፍሊንና ሴንት ጆር ቀመር ይበቃል። ክብደታችሁን በኪሎ ወስዳችሁ በ10 አባዙ፤ ቁመታችሁን በሴንቲሜትር በ6.25 አባዝታችሁ ደምሩበት፤ ከድምሩ ዕድሜያችሁን በ5 አባዝታችሁ ቀንሱ። ወንድ 5 ይጨምር፣ ሴት 161 ትቀንስ። የተገኘው ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ የሚያወጣው ነው። በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ስፖርት የምትሠሩ ከሆነ በ1.55 አባዙት። 60 ኪሎ የሚመዝን፣ 170 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው የ20 ዓመት ወጣት በዚህ ስሌት 2,430 ካሎሪ ገደማ ያወጣል። 300 ቢጨምርበት 2,730 ይሆናል። ከዚህ በላይ መቸኮል አያስፈልግም፤ በቀን 1,000 ካሎሪ አበልጦ የሚበላ ሰው ጡንቻው በሦስት እጥፍ አይፈጥንም፣ የሚፈጥነው ስቡ ነው።

ቀመሩ ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም። ፈራጁ ሚዛኑ ነው። ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳትቀምሱ ተመዘኑ፤ የአንዱን ቀን ቁጥር ትታችሁ የሳምንቱን አማካይ ውሰዱ፤ ጨውና ውኃ ብቻቸውን በአንድ ሌሊት አንድ ኪሎ ሊያወጡና ሊያወርዱ ይችላሉና። 60 ኪሎ የሆነ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ግራም ቢጨምር ደስ ይበለው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ካልተንቀሳቀሰ 200 ካሎሪ ይጨምር። በቃ። የኮምፒውተር ፕሮግራም አያሻም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል።

ስለ ፕሮቲን ብዙ አልልም፤ ከሚገባው በላይ ተብሎለታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ 49 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው ክብደት ለሚያነሳ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ከደረሰ በኋላ ተጨማሪው እምብዛም አይረዳም። ለ60 ኪሎው ወጣታችን 96 ግራም ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከሥጋ መምጣት የለበትም። እህል ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ሜታዮኒን ያንሰዋል። ሩዝን ከምስር፣ ዳቦን ከባቄላ ጋር የሚበላ ሰው አንዱ የጎደለውን በሌላው ይሞላዋል፤ በአንድ ሳህን ላይ ባይገናኙም በአንድ ቀን ውስጥ ቢገናኙ ይበቃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው። መደርደሪያ ፊት ስትቆሙ ሁለት ማካፈል ሥሩ። የዕቃውን ዋጋ በውስጡ ላለው ጠቅላላ ካሎሪ አካፍሉ፤ ቀጥሎ ዋጋውን በውስጡ ላለው ጠቅላላ የፕሮቲን ግራም አካፍሉ። ግማሽ ኪሎ ደረቅ ምስር በ100 ግራም 24 ግራም ፕሮቲን አለው ብንል በጠቅላላው 120 ግራም ይዟል። ይህንን ከጣሳው ዱቄት፣ ከታሸገው የፕሮቲን ብስኩት፣ ከዶሮው ጋር አስተያዩት። ዋጋ እንደየቦታው ይለያያል፤ ስለዚህ የእኔን ዝርዝር ሳይሆን የራሳችሁን ስሌት እመኑ። እኔ ባየሁት ግን በካሎሪ ዘይት፣ ሩዝ፣ ፓስታና አጃ ከፊት ይቀመጣሉ፤ በፕሮቲን ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ ኦቾሎኒና ወተት። የዱቄት ወተት ላይ ልባችሁን አኑሩ፤ ቶሎ አይበላሽም፣ ከአጃ ጋር ይቀላቀላል፣ ከ100 ግራሙ ሩቡ ያህል ፕሮቲን ነው።

ስሌቱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ጎበዝ ተማሪዎች ሳይቀሩ ሲወድቁበት አይቻለሁ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ለደረቁ ነው። 100 ግራም ደረቅ ሩዝ 360 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ውኃ ጠጥቶ ካበጠ በኋላ ግን 100 ግራሙ 130 ብቻ ነው። የበሰለውን መዝኖ የደረቁን ቁጥር የሚጽፍ ሰው ሦስት እጥፍ ያህል የበላ ይመስለዋል። ከማብሰላችሁ በፊት መዝኑ።

የ60 ኪሎው ወጣት አንድ ቀን እንዲህ ሊሆን ይችላል። ጠዋት 80 ግራም አጃ በግማሽ ሊትር ወተት፣ አንድ ሙዝ። ወደ ክፍል ሲሄድ 50 ግራም ኦቾሎኒ በኪሱ። ምሳ 150 ግራም ደረቅ ሩዝና 100 ግራም ደረቅ ምስር ተቀቅሎ፣ ሽንኩርትና የተገኘው አትክልት ገብቶበት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ተጨምሮበት። ማታ ሦስት እንቁላልና 150 ግራም ዳቦ። አትክልቱን ሳንቆጥር ድምሩ 2,730 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ፕሮቲኑ ደግሞ ከ100 ግራም ያልፋል። ሥጋ የለበትም፤ ጣሳ የለበትም። እያንዳንዱ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ መሆኑን ልብ በሉ፤ ሆድ ሳይሞላ ሳህኑን የሚያከብደው እሱ ነው።

ምግቡ ሆዳችሁ ውስጥ መግባት ካቃተውስ? ቀጭን ሰው ቶሎ ይጠግባል፤ ይህም እውነተኛ ችግር ነው። የሚጠጣ ምግብ ከሚታኘክ ያነሰ ያጠግባል፤ ስለዚህ ከፊሉን ጠጡት። ግማሽ ሊትር ወተት፣ 40 ግራም የደቀቀ አጃ፣ ሁለት ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤና አንድ የተፈጨ ሙዝ ከ700 ካሎሪ በላይ ነው፤ መፍጫ ከሌላችሁ ማታ ቀላቅላችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አሳድሩት፤ አጃው ይለሰልሳል። ወተት ሆዳችሁን የሚያውክ ከሆነ አትገረሙ፤ በዓለም ላይ ካሉት አዋቂዎች አብዛኞቹ የወተትን ስኳር በሚገባ መፍጨት አይችሉም፤ እርጎ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ከምግብ በፊት ውኃ አታብዙ። ጥራጥሬንም በአንድ ጊዜ አታብዙት፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ፣ አንጀት ይለምደዋል።

የምታበስሉት ራሳችሁ ከሆናችሁ ሦስት ነገሮችን እንደ እናት አደራ ተቀበሉኝ። ቀይ ቦሎቄን አሳድራችሁ ንከሩ፣ የተነከረበትን ውኃ ድፉ፣ ከዚያም ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በኃይል አፍልታችሁ እስኪበስል ቀቅሉት፤ በለዘብተኛ እሳት ብቻ በበሰለ ቦሎቄ ውስጥ ክፉኛ የሚያስታውክ መርዝ ሳይጠፋ ይቀራል። የተረፈ ሩዝ ድስቱ ውስጥ ክፍል ሙቀት ላይ አይደር፤ ቶሎ አቀዝቅዙትና ማቀዝቀዣ ውስጥ ክተቱት። እንቁላልን ጥሬውን አትጠጡ፤ የበሰለ እንቁላል ፕሮቲኑ ከጥሬው በእጅጉ በተሻለ ሁኔታ ይፈጫል፣ ሳልሞኔላ ከተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያም ትድናላችሁ።

ገንዘብ ከተረፋችሁና የሆነ ነገር መግዛት ካማራችሁ ክሪያቲን ሞኖሃይድሬት የተባለው የጡንቻን ጉልበት የሚያግዝ ዱቄት በብዙ ጥናት የተፈተነ ነው፤ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል፤ የኩላሊት ችግር ያለበት ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው። ካልተረፋችሁ የቀረባችሁ ነገር ትንሽ ነው።

ስለ ሌላው ክኒን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። «ያወፍራል» እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት አለ። ፊትን ያሳብጣል፣ ውኃና ስብ ያጠራቅማል፣ ሚዛኑም ላይ ቁጥሩ ይወጣል፤ ጡንቻን ግን ያከሳል። ሰውነት ኮርቲዞል የተባለውን የራሱን ሆርሞን መሥራት ስለሚያቆም መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ሆርሞን በመርፌ የሚወስዱ ልጆችንም አይቻለሁ፤ በ20 ዓመታቸው የራሳቸው የወንድ ዘር ሆርሞን የተቋረጠባቸው፣ ለልብ ሕመም የተጋለጡ። ጓደኛችሁ ቢያቀርብላችሁ እምቢ በሉ፤ ጀምራችሁ ከሆነ ደግሞ ሳትፈሩ ለሐኪም ንገሩ። ሳትፈልጉ የምትከሱ፣ በሌሊት የሚያልባችሁ፣ ውኃ ጥሙ የማይለቃችሁ፣ ወይም በቂ እየበላችሁ ክብደታችሁ የሚወርድ ከሆነም መጀመሪያ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ድስት አትሂዱ።

ሴቶች ልጆቼ፣ ይህ ሁሉ ለእናንተም ነው። ትንሽ በመብላታችሁ ስትመሰገኑ የኖራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጠንክራችሁ እየሠራችሁ በቂ ሳትበሉ ከቀራችሁ የወር አበባ ይዛባል ወይም ይቀራል፤ አጥንትም አብሮ ይዳከማል። የወር አበባችሁ ለሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ይያችሁ።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ሦስት ኪሎ ቀንሶ የመጣ ዕለት ለረጅም ጊዜ አወራን፤ ያን ጊዜ ነው ጣሳውን ከመግዛቱም በፊት በወሩ መጨረሻ ላይ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይበላ እንደነበር የነገረኝ። አብረውት የሚኖሩት ጓደኞቹ አያውቁም ነበር፤ «ጠግቤያለሁ» ይላቸው ነበር። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ሰው ካለ ስለ ጡንቻ ለጊዜው ይተው፤ ከባዱን ስፖርት ያቅልል፤ ለተማሪዎች አማካሪ፣ ለሚያምነው መምህር ወይም ለአንድ ዘመድ ይንገር። እኛ ያን ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ ድስት አስጀመርነው። ጥራጥሬውንና ሩዙን በወሩ መጀመሪያ በጅምላ ይገዙ ነበር፤ ተራ ገብተው ያበስሉ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ስድስት ኪሎ ጨምሮ ሊሰናበተኝ ሲመጣ ጓደኞቹንም ይዞ መጣ፤ ሦስቱም ቢሮዬ ውስጥ ቆመው ምስሩን ማን ይበልጥ ደህና እንደሚያበስል ይከራከሩ ነበር።