ከቀዩ ሜፕሌ ቦንሳይ ማውጣት እንዴት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቅጠሉ ቀይ የሆነ የጃፓን ሜፕል ጓሮዬ አለኝ፣ ደረቴ ጋ ይደርሳል። ቦንሳይ (በትንሽ ሳህን ውስጥ ድንክ ሆኖ የሚያድግ ዛፍ) ላወጣ ብዬ አራት ቅርንጫፍ ቆርጬ ውሃ ውስጥ ነከርኩ፣ በሁለት ሳምንት ሁሉም ጠቆሩብኝ። ዘሩን ብዘራውስ እንደ እናቱ ቀይ ይሆናል? ሳሎን ውስጥስ ማሳደግ ይቻላል?

መልስ፦ ልጄ፣ ሳሎኑን ተይው። ሜፕል ዊንተር ላይ ቅጠሉን አራግፎ መተኛት አለበት፣ ሂተር ያለበት ቤት ውስጥ እንቅልፍ ስለማያገኝ እየመነመነ ይሄዳል። (አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትጠይቁኝም፣ እዛ ብርዱ አይበቃውም፣ ወይራ ሞክሩ፣ በጣም የሚያምር ቦንሳይ ይወጣዋል።)

ቅርንጫፎቹ የጠቆሩት ሜፕል እንደ ፖቶስ (የቤት ውስጥ ሐረግ) ውሃ ውስጥ ሥር ስለማያወጣ ነው። ጁን ላይ ለጋውን ቆርጦ ሥር የሚያስወጣ ሆርሞን ነክቶ ፐርላይት (ነጭ ቀላል ጠጠር) ውስጥ በላስቲክ ሸፍኖ ማቆየት ይሠራል፣ ግን ቀዮቹ አስቸጋሪ ናቸው፣ ሥር ካወጡትም ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ዊንተር አይሻገሩም።

ዘሩ ይበቅላል፣ እንደ እናቱ ግን አይወጣም፣ አንዱ አረንጓዴ አንዱ ቀላ ያለ ይሆናል። ኦክቶበር ላይ ለቅመሽ ክንፉን አንስተሽ አንድ ቀን ዘፍዝፊውና ከእርጥብ አሸዋ ጋር በፌስታል ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ወር አቆዪው። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን ወፍራም ግንድ ለማየት አስር ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።

ላንቺ የምመክርሽ ኤር ሌየሪንግ ነው፣ ማለትም ቅርንጫፉ ሳይቆረጥ ዛፉ ላይ እንዳለ ሥር እንዲያወጣ ማድረግ። መጀመሪያ ግን ግንዱን ወደ አፈሩ ጠጋ ብለሽ በጣትሽ ዳስሺው፣ አበጥ ያለ ነገር ካለና ከላይና ከታች ያለው ልጥ መልኩ ከተለያየ ግራፍት የተደረገ (በሌላ ሜፕል ግንድ ላይ የተዳቀለ) ነው፣ ከሱቅ የሚገዙት ቀዮች አብዛኞቹ እንደዛ ናቸው፣ ያ ጠባሳ ደግሞ ለቦንሳይ እያደር ያስጠላል። ስለዚህ ከሱ በላይ ነው የምትሠሪው። ሜይ መጨረሻ ወይ ጁን መጀመሪያ ላይ፣ አዲሱ ቅጠል ጠንከር ሲል፣ 2 ሴንቲሜትር የሚወፍር ቅርንጫፍ መርጠሽ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ያህል ዙሪያውን ልጡን ላጪው። ከልጡ ስር የሚያንሸራትት እርጥብ ነገር አለ፣ ነጩ እንጨት እስኪታይ ድረስ በቢላ ፋቂው፣ እኔ አንዴ ይሄን ችላ ብዬ ልጡ ተመልሶ ገጥሞ ሙሉ ሰመር ባከነብኝ። ከቅጠሉ የሚወርደው ምግብ የሚጠራቀመው የላይኛው ጠርዝ ላይ ስለሆነ ሥሩም የሚወጣው ከዛው ነው፣ የሆርሞን ዱቄቱን እዛ ነስንሺ። ከዛ እርጥብ ስፋግነም ሞስ (ውሃ የሚይዝ የሽበት ዓይነት) ጨምቀሽ አልብሺው፣ በላስቲክ ጠቅልለሽ ሁለቱን ጫፍ እሰሪ፣ ላዩን በፎይል ሸፍኚ።

እንዲህ የወጣ ሥር በግንዱ ዙሪያ እኩል ይዘረጋል፣ የቦንሳይ ውበት ዋናው እሱ ነው። ቅርብሽ ዋሽንግተን ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች መናፈሻ) ውስጥ ያለው የቦንሳይ ሙዚየም ሄደሽ (ጃፓን በ1976 በሰጠቻቸው 53 ዛፎች የተጀመረ ነው) ሜፕሎቹን ከቅጠላቸው በፊት ሥሮቻቸውን እዪ።

ከ2 እስከ 3 ወር ውስጥ ሥሩ በላስቲኩ ውስጥ ይታይሻል፣ ቡናማ እስኪልና እስኪበዛ ጠብቀሽ፣ ሴፕቴምበር ሳይገፋ ከአዲሶቹ ሥሮች በታች ቁረጪውና ሞሱን ሳታራግፊ ውሃ በደንብ በሚያሳልፍ አፈር ትከዪው። ዘንድሮ ቅርንጫፉን ለማጣመም የሚጠመጠመውን ሽቦ አታስሪበት። የመጀመሪያውን ዊንተር ሂተር የሌለው ጋራዥ ውስጥ ይክረም፣ አፈሩም ጨርሶ እንዳይደርቅ።