ሰባት ቁጥር ታንኳ ለምን ይቀድማል? ፕሮባቢሊቲን በጨዋታ ስለማስተማር ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። ፕሮባቢሊቲን፣ ማለትም አንድ ነገር የመሆን ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ማስላትን፣ ለልጆች በጨዋታ ስለማስተማር የጠየቃችሁኝን እነሆ፤ አንዳንዱን በአጭሩ አልፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የ2ኛ ክፍል ልጆቼ ክፍልፋይ አያውቁም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ቁጥሩን ይተዉት። «የማይሆን»፣ «ምናልባት»፣ «የግድ የሚሆን» በሚሉት ይጀምሩ። «ዛሬ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ጉማሬ እናያለን» ይበሏቸው። ቤቱ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ የሆነ ልጅና መሀል ከተማ የሚኖር ልጅ አንድ መልስ አይሰጡም። ክርክሩን ቶሎ አይቁረጡት።

ጥያቄ፦ ዳይስ የለንም፣ ተማሪው ደግሞ ከ60 በላይ ነው።

መልስ፦ ባለ ስድስት ጎን እርሳስ አይጠፋም። በየጎኑ ከ1 እስከ 6 ይጻፉበትና ዴስክ ላይ ያንከባሉት፤ ሲቆም ከላይ ያለው ይቆጠራል። ድቡልቡሉ እርሳስ አይሆንም።

ጥያቄ፦ እርስዎ አዘውትረው የሚያጫውቱት የትኛውን ነው?

መልስ፦ የታንኳ ውድድር። ወለሉ ላይ በጠመኔ ከባሕር ዳር ዘጌ የሚደርሱ 12 መስመሮች እናሰምራለን፤ በየመስመሩ ስድስት እርምጃ። ታንኳዎቹ ከ1 እስከ 12 ቁጥር አላቸው። ሁለት እርሳስ ተንከባሎ ድምሩ 8 ከሆነ፣ 8 ቁጥር አንድ እርምጃ ይቀዝፋል። ታንኳ ሲመረጥ 1 ቁጥርን የሚሻማ አይጠፋም፤ «አንደኛ» ነዋ! ሌሎቹ ዘጌ ሊደርሱ ሲሉ የእሱ ንቅንቅ አይልም። እኔ ዝም እላለሁ። «ቲቸር፣ ይሄማ መቼም አይወጣም!» ማለት ያለበት ራሱ ልጁ ነው።

7 ለምን እንደሚቀድም የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱን እርሳስ ቀይ፣ ሌላውን ሰማያዊ ያድርጉት፤ አለዚያ 1 እና 6፣ 6 እና 1 ለልጆቹ ያው ናቸው። በጠቅላላው 36 አወጣጥ አለ። 7 በስድስቱ ይገኛል፤ 2 እና 12 ግን እያንዳንዳቸው በአንድ ብቻ። 11 እና 12 እኩል ናቸው የሚል ተማሪ ቢገጥምዎ አይቆጡ፤ ላይብኒትዝን የሚያህል የሒሳብ ሊቅም እንደዚያው ብሎ ተሳስቷል። 11 በ5 እና 6፣ በ6 እና 5 ይመጣል፤ 12 ግን በ6 እና 6 ብቻ። አንዳንዴ 6 ወይም 8 ቁጥር ይቀድማል። ያኔ የሁሉንም ቡድን ውጤት ሰሌዳ ላይ ደምረው ያሳዩ።

ጥያቄ፦ ልጄ የአንድ ብር ሳንቲም ሲወረውር አንበሳው አራቴ ተከታትሎ ወጣ። «አሁን ተራው የሚዛኑ ነው» ይላል።

መልስ፦ በቃል ማስረዳት ብዙ አይረዳም። ደጋግሞ ይወርውርና፣ አንበሳ ሦስቴ በተከታተለ ቁጥር ቀጥሎ የመጣውን ብቻ ይመዝግብ። ዝርዝሩ ሲረዝም ሁለቱ ይቀራረባሉ። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ለእሑድ ከሰዓት ይተዉት።

ጥያቄ፦ በሳንቲም ፋንታ ቆርኪስ?

መልስ፦ ይሆናል፣ ግን ግማሽ በግማሽ አይጠብቁ፤ ሁለቱ ፊቱ አንድ ዓይነት አይደለም። 100 ጊዜ ጥለው ይቁጠሩ። ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ከሳንቲም የምመርጠው ለዚህ ነው፤ መልሱን መምህሩም አስቀድሞ አያውቀውም።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት «ልጄን ቁማር አስተማራችሁብኝ» ብለው መጡ።

መልስ፦ ስጋታቸውን አይናቁት። ገንዘብ ቀርቶ ከረሜላም አይያዝ። ክፍል ይጋብዟቸውና ታንኳ ያስመርጧቸው።

ጥያቄ፦ ገበጣስ?

መልስ፦ ገበጣ ላይ ዕድል የለም፤ ስሌት ነው። ለመቁጠርና ለመደመር ያቆዩት።