ክትባቱ ለምን አልያዘላቸውም?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከደንቢያ ነው። ሁለቱን በሬዎቼን ለጎሮርሳ አስከትቤ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ አንዱ አንገቱ አብጦ ሞተብኝ። የቀረው ከስቷል፤ ማታ ከግጦሽ ሲመለስ ከመንጋጋው ሥር ያብጣል። ክትባቱ ውሃ ነበር እንዴ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዜር ያጽናዎ። በእርሻ ወቅት ጥማድ ሲጎድል ሐዘኑ ከባድ ነው።

ክትባቱ ቅዝቃዜው ሳይጠበቅ መጥቶ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ የከተበውን ባለሙያ ይጠይቁ። እኔን ያሳሰበኝ ግን የመንጋጋው እብጠት ነው። ደንቢያ ጣና ሐይቅ ዳር ነው፤ ከሐይቅ ዳር ለሚግጥ ከብት መጀመሪያ የምጠረጥረው የጉበት ትል ነው።

ትሉና ክትባቱ ምን ያገናኛቸዋል? ክትባት በሽታን አይገድልም፤ ሰውነት ጠላቱን እንዲለይ ያስተምራል። ከሚማሩት ነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ቲ ሕዋስ ይባላል። እሱ ለመነሣት ሁለት ምልክት ይፈልጋል። አንዱ የጠላቱ ቁራጭ ነው፤ ሌላ ሕዋስ ይዞ ያሳየዋል። ሁለተኛው ከዚያው አሳዪ ሕዋስ የሚመጣ ማንቂያ ነው። አንድ ሰው በቀስታ «ጅብ አየሁ» ቢል ማንም ከቤቱ አይወጣም። መንደሩ የሚወጣው እሪ ሲል ነው።

ቁራጩን አይቶ ማንቂያው የቀረበት ቲ ሕዋስ ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ ይደነዝዛል። አልሞተም። ግን በኋላ ሁለቱም ምልክት ቢመጣለት እንኳ አይባዛም፣ ኢንተርሉኪን ሁለት የሚባለውን የመባዣ መልእክትም አያወጣም።

የጉበት ትል በሐሞት ቱቦ ውስጥ ለዓመታት መኖር ስለሚፈልግ ይህ ዝምታ ይጠቅመዋል። ከሰውነቱ የሚያወጣቸው ነገሮች አሳዪዎቹን ሕዋሳት ያዳክማሉ፤ ማንቂያው ይጠፋል። ጉዳቱም በትሉ ብቻ አይቆምም። ትሉ ያለበት ከብት የሳንባ ነቀርሳ እንኳ ይዞት በቆዳ ሲመረመር፣ ሰውነቱ በሽታውን ማወቁን የሚያሳየው የቆዳ እብጠት ትንሽ ሊሆን ይችላል። የጎሮርሳ ክትባትም እንዲሁ ሳይሠራ ቀርቶ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

አሁን የቀረውን በሬ እናድን። እበቱን ያስመርምሩ። የትሉ እንቁላል እበት ላይ የሚታየው ከብቱ ከተያዘ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ስለሆነ «የለም» ቢባሉ አይዘናጉ። ትራይክላቤንዳዞል ከተገኘ ጫጩቱንም ትልቁንም ትል ይገድላል። አልቤንዳዞል ትልቁን ብቻ ነው፤ ገና ላረገዘች ላም ደግሞ አይሰጥም። መጠኑ በክብደት ይለካ፤ በግምት የተሰጠ መድኃኒት ትሉን ያለማምደዋል። በሬው ካገገመ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ያስከትቡት።

ግጦሹ ነው ከባዱ። በበጋ ሣር የሚገኘው ከረግረጉ ዳር እንደሆነ አውቃለሁ፤ የትሉ ማደሪያ ቀንድ አውጣም እዚያው ነው። ቢያንስ ለእርሻ በሬው በደንብ የደረቀ ድርቆሽ አጭደው ያብሉት። ውሃም ቀድተው ያጠጡት።

እበቱን ጠዋት፣ ትኩሱን፣ በንጹሕ ፌስታል ይዘው ቀበሌዎ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኬላ ይሂዱ።