ከመሳፈሯ በፊት መሸኛዋን ታውጣ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁት። «እህቴ 12ኛን ጨርሳ ከሶዶ ወደ ሐዋሳ ልትመጣ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ መግባት ትፈልጋለች፤ ዘመድ የላትም፤ ከየት ትጀምር?» ብለሃል። የተጻፈልህን መልስም አነበብኩ። ግማሹ ደላላ ፈልግ ይልሃል። እባክህ አትስማቸው። እኔ በ2010 ከወናጎ ስመጣ ልክ እንደ እህትህ ነበርኩ። አንድም የማውቀው ሰው አልነበረኝም።

ሦስት ነገር ልንገርህ።

1. መሸኛ። ከቀበሌዋ መሸኛ ሳታወጣ መኪና እንዳትሳፈር። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይሄን አትርሳ።

እኔ የመጣሁት ያለ መሸኛ ነው። ፈተናውን አለፍኩ። ያኔ ቀለም እንለይ እንደሆነ፣ እጃችን ይፈጥን እንደሆነ ይፈትኑን ነበር። ለእጅ ሥራማ ማን ይችለኛል! ከእናቴ ጋር ጥልፍ ስሠራ ነው ያደግኩት። ሰኞ መታወቂያና የባንክ ደብተር ይዘሽ ነይ አሉኝ። ደመወዝ የሚገባው በባንክ ነው። ባንኩ መታወቂያ ይላል። መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌ ደግሞ መሸኛ ይላል። እኔ ቦርሳ ውስጥ ያለው የ10ኛ ክፍል ውጤቴና የተማሪ መታወቂያዬ ብቻ ነው።

ቀበሌ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «መሸኛ» አለ። የለኝም አልኩት። «እና ምን ልትሠሪ መጣሽ?» ብሎ ከኋላዬ ያለችውን ጠራ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ምን ምን እንደሚያስፈልግ ቢነግረኝ እኮ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ወደ ዲላ፣ ከዲላ ወደ ወናጎ። ቀበሌው ዝግ ነው። ሁሉም ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ሁለት ቀን በሩ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ተጻፈልኝ። ፎቶዬን በስቴፕለር መቱት፤ ማህተሙን ከታች ፊርማው ላይ አሳረፉት። ደስ ብሎኝ በላስቲክ ጠቅልዬ ያዝኩት።

ሐዋሳ ስመለስ ያው ሰውዬ ነው ያለው። ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየው። ከዚያ በእስክሪብቶው ጫፍ የፎቶዬን ጠርዝ ነካ ነካ አደረገና «ማህተሙ ፎቶውን አልነካም» አለ። ለካ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ማረፍ ነበረበት፤ አለዚያ ፎቶ ቀይረሽ ሊሆን ይችላል ነው ነገሩ። አሠራሩ ልክ ነው፤ አልቃወምም። ግን መጀመሪያ ስመጣ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ለአንድ ማህተም ብዬ እንደገና ወናጎ ሄድኩ።

መታወቂያዬ ሲወጣ ቦታዬ በሌላ ሰው ተይዟል። የሚቀጥለው ቅጥር እስኪደርስ አምስት ሳምንት ጠበቅኩ። መናኸሪያ አካባቢ አንዲት እናት ምግብ ቤት ሰሃን እያጠብኩ ነው የቆየሁት። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ማደሪያም ሰጥተውኛል። ያኔ የኦፕሬተር መነሻ ደመወዝ 750 ብር ነበር። ለመመላለሻ ያወጣሁት ግማሹን ይበልጣል።

ስለዚህ እህትህ መሸኛውን ስትቀበል ከቢሮው ሳትወጣ ታንብበው። ማህተሙ ፎቶው ላይ አርፏል? ስሟ እስከ አያት ከትምህርት ማስረጃዋ ጋር አንድ ነው? ከእኔ ጋር አንድ ላይን ላይ የምትሠራ ልጅ በአንድ ፊደል ተመልሳለች፤ አንዱ ላይ «ኃይሌ»፣ ሌላው ላይ «ሀይሌ» ተብሎ። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ፊርማውን ትይ። ሁለት ኮፒ ታንሳ። ፋይዳ ካልተመዘገበችም እዚያው ሶዶ ትመዝገብ። ምዝገባው በነጻ ነው። ገንዘብ ክፈዪ የሚላት ካለ ትለፈው።

2. ቤት። ርካሽ ነው ብላ ሩቅ እንዳትገባ። እኛ አራት ሆነን የመጀመሪያውን ቤት የተከራየነው ዋጋውን ብቻ አይተን ነው። ሰርቪስ ከሚያወርደን ቦታ እስከ ቤት ሃያ ደቂቃ በእግር ያስኬዳል፤ መንገዱ መብራት የለውም። የማታ ሺፍት ስንወጣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር የምንሄደው። አንድ ቀን አንዷ ጓደኛችን ኦቨርታይም ቀርታ ብቻዋን ስትመጣ ስልኳንም ነጠላዋንም ቀሟት። ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣችም። እኛም በማግስቱ ሌላ ቤት መፈለግ ጀመርን። ቅድሚያ የከፈልነው የሦስት ወር ኪራይ ግን ቀለጠ። አከራይዋ አንድ ሳንቲም አልመለሱልንም።

አሁን አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ውሉም በጽሑፍ መሆን አለበት። ስድስት ወር ካሏት እሺ አትበል። ደግሞ የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷት ይችላሉ። ያለ የሌለ ብሯን ቤት ላይ አትጨርሰው። መጀመሪያ ሰርቪሱ የት እንደሚያወርድ ትጠይቅ፣ ከዚያ እዚያ አካባቢ ቤት ትፈልግ።

3. ደላላ። ይሄን ልረሳው ነበር። «ፓርክ ውስጥ ሰው አለኝ፣ አስገባሻለሁ» የሚል ሰው ካገኘች ትሽሸው። ሕጋዊ አገናኝ ኤጀንሲ እንኳ ከሠራተኛ ብር መቀበል አይፈቀድለትም። እኔ ለማንም ሳልከፍል ገብቼ በሁለት ዓመቴ ሱፐርቫይዘር ሆኛለሁ። በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል) ስታስወጣ ሥራው ቀዘቀዘ፤ እኔም ያኔ ወጣሁ። ግን እዚያ የተማርኩት ሙያ አብሮኝ ወጥቷል። ዛሬ ታቦር ክፍለ ከተማ ሁለት የስፌት መኪና አለኝ፤ ሁለቱንም በራሴ ብር ነው የገዛሁት።

እስካሁን ከወናጎና ከዲላ የመጡ ሰባት ልጆችን ተቀብያለሁ። ሁሉም ከመሳፈራቸው በፊት መሸኛቸውን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልኩልኛል። ማህተሙን አጉልቼ አያለሁ። አንዷም ከመስኮት አልተመለሰችም። የእህትህንም በውስጥ መስመር ላክልኝ። የምትነሳበትን ቀን ንገረኝ፤ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላታለሁ። ቤት እስክታገኝ እኔ ጋ ፍራሽ አለ።