ነርሲንግ ለምትማሩ ወንድሞቼ፣ "ዶክተር" ሲሏችሁ አቤት አትበሉ

ባለፈው ሰሞን አንድ የሁለተኛ አመት የነርሲንግ ተማሪ "ጋሼ፣ ሰው ምን ትማራለህ ሲለኝ ጤና ብዬ ነው የማልፈው፣ ነርሲንግ የሚለው ቃል አፌ ላይ ይያዝብኛል፣ እርስዎ ያኔ ምን ነበር የሚሉት?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው "ምን ያሳፍራል፣ በሙያህ ኩራ" ብዬ ሸኘሁት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ምክንያቱም እኔ በሱ እድሜ ያላደረኩትን ነገር ነው የመከርኩት። ስለዚህ ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

የመጨረሻ አመት ተማሪ ሆኜ ሰርጂካል ዋርድ (ቀዶ ጥገና የተሰሩ ሰዎች የሚተኙበት ክፍል) ለፕራክቲስ ተመድቤ ነበር። አንድ ሽማግሌ አባት ቡአ ተሰርተው ወጡ፣ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘውን መርፌ ተወግተው ነው የተሰሩት። እኔና አንዲት የክፍል ጓደኛዬ እኩል ነጭ ጋውን ለብሰን አልጋቸው ጋ ስንደርስ እሷን "ሲስተር" አሏት፣ እኔን "ዶክተር"። ሁለታችንም አንድ ክፍል ነን፣ እንደውም እሷ ከኔ ትበልጥ ነበር በትምህርቱም በእጇም። እሷ ሳቅ ብላ ዝም አለች፣ እኔ ደግሞ "አቤት አባባ" አልኩ። ደስ አለኝ እኮ፣ ምን ልዋሻችሁ። በዛን ጊዜ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ "ወንድ ልጅ ነርስ?" እያለ ሲገላምጠኝ ለከረምኩት ልጅ ያቺ ቃል ካሳ ነበረች።

ጓደኛዬ ሌላ ዋርድ ሰው ጎድሎ ተጠርታ ሄደች፣ ሌሊቱን እኔ ቀረሁ። ቫይታል ሳይን ስለካ ፐልሳቸው (የልብ ምታቸው) ፈጠን ብሏል፣ የደም ፕሬዠራቸውም ከፍ ብሏል። "ያምዎታል እንዴ አባባ?" ስላቸው "ደህና ነኝ ዶክተር፣ ተመስገን" ይላሉ። ግን አይተኙም፣ ይገላበጣሉ፣ የአልጋውን ብረት ጨብጠው ይይዛሉ። የቁስሉ ህመም ነው ብዬ ቻርቱ ላይ ጻፍኩ፣ የታዘዘላቸው ማስታገሻ ተሰጣቸው፣ በቃ እኔ የምሰራውን የሰራሁ መሰለኝ። ወደ ሌሊቱ ስምንት ሰአት ላይ ቀስ ብለው "ያቺ ሲስተር የለችም?" አሉኝ። እኔ ቅር አለኝ! "እኔ አለሁልዎት አይደል?" አልኳቸው። "ልክ ነህ ዶክተር፣ ይቅርታ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያቺ "ይቅርታ" እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ሲነጋ የዋርዱ ኃላፊ ነርስ መጡ። እሳቸው ታካሚ ከመንካታቸው በፊት ሁሌ መዳፋቸውን አፋትገው ያሞቁ ነበር፣ ማንም አላስተማራቸውም፣ ብርድ እጅ ሰው ያስደነግጣል ይሉ ነበር፣ እኔም ይሄን ልማድ ወርሼ እስከዛሬ አልተውኩትም። እና ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው ከእምብርታቸው በታች ዳሰሱ፣ ሆዳቸው እንደ ተነፋ ኳስ ተወጥሯል። ወዲያው ካቴተር፣ ማለት የሽንት ቱቦ፣ ሲገባላቸው ከ1 ሊትር በላይ ሽንት ወጣ። የአንድ አዋቂ ሰው ፊኛ ሲሞላ ከ400 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ቢይዝ ነው፣ ከዛ አልፎ ብዙ ሰአት ከተለጠጠ ጡንቻው ይጎዳና ሰውየው ከዛ በኋላ በራሱ መሽናት ሊያቅተው ይችላል። ያ የሚያደነዝዘው መርፌ ደግሞ ሽንት እንዳይወጣ ሊያደርግ እንደሚችል ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይ መጥቶ መልሼዋለሁ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ከ6 እስከ 8 ሰአት ካልሸና ታያለህ ይላል ኖቴ።

"ለምን አልተናገሩም?" ሲሏቸው "ለዶክተር እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል እንዴ፣ ነርስ እስኪመጣ ብዬ ነው የቻልኩት" አሉ። ነርስ አጠገባቸው አድሮ! ኃላፊዋ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አንተ ማነኝ ብለህ ነው ያደርከው?" ነው ያሉኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሰውየው በሶስተኛው ቀን ደህና ሆነው ሲወጡ እጄን ይዘው "ዶክተር ውለታህን ይክፈልህ" አሉኝ፣ እኔም ያ ሁሉ ሆኖ እንኳን አላረምኳቸውም። ተሰናብቻቸው ቀረሁ።

እና ልጄ፣ አፍህ ላይ የሚያዝብህ ቃል በሽተኛው የሚጠብቀው ቃል ነው። ሰው ለሀኪም የማይነግረውን ለነርስ ይነግራል፣ ሽንቱን፣ ሰገራውን፣ ፍርሀቱን፣ መድሀኒቱን ትራስ ስር እንደደበቀ።

ወንድ ነርስ አዲስ ነገር የሚመስለው ካለ ታሪኩን ስላላየ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው ካሚሎ ደ ሌሊስ ወታደር የነበረ ሰው ነው፣ እግሩ ላይ የማይድን ቁስል ይዞ ሮም ሆስፒታል ገብቶ የህመምተኛን አያያዝ በራሱ ገላ ካየ በኋላ ህሙማን የሚያገለግሉ ወንዶችን ማህበር አቋቋመ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን ላይ የከፈተችው ትምህርት ቤት የሴቶች ነበር፣ ለሙያው የዋለችው ውለታ ትልቅ ነው፣ ግን ከዛ ወዲህ በር የተዘጋበት ወንድ ብዙ ነው። የአሜሪካ ጦር እንኳን ወንድ ነርስን በመኮንንነት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ጆ ሆጋን የሚባል ነርስ ሚሲሲፒ ውስጥ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ በወንድነቱ ዲግሪ አላስተምርም ስላለው ከሶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ 5 ለ4 ረታ። ሰው ተከራክሮ ባስከፈተው በር እየገባችሁ "ጤና ነው የምማረው" ማለት ያሳዝነኛል።

ዛሬ የማያቸው ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ ከኛ ይበልጣሉ ብል አላጋነንኩም፣ ግን ሁሉም አይሲዩ (የፅኑ ህሙማን ክፍል) ወይ ድንገተኛ ካልሆነ አይሉም፣ ማሽን ያለበት ቦታ ወንድነት ያለበት ይመስላቸዋል፣ ገላ ማጠብና አልጋ ማንጠፍ ሲሆን ስልክ ይዘው ኮሪደር ላይ ናቸው። ገላ ሲታጠብ እኮ ነው ብዙ ከመተኛት የሚመጣው የጀርባ ቁስል የሚታየው።

ሴት ታካሚን ስለመንከባከብ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ምን ልታደርግ እንደሆነ ቀድመህ ንገራት፣ ፈቃዷን ጠይቅ፣ ሴት ባልደረባ ይዘህ ግባ። እምቢ ካለችህ አትቀየም፣ እምቢታዋ ስለ ገላዋ ነው፣ ስላንተ አይደለም። ከባድ ሰው ማንሳት ሲኖር ደግሞ አንተን ብቻ ነው የሚጠሩህ፣ ለወገብህ እዘን፣ ሁለት ሶስት ሆናችሁ እንጂ ብቻህን አታንሳ። እኔ ግን በዚህ እድሜዬም ስጠራ ብቻዬን እሮጣለሁ፣ በዚህ አትምሰሉኝ።

ሌላው፣ ወንድ ነርስ ቶሎ ቢሮ ይሰጠዋል። እኔ በስድስተኛ አመቴ ኃላፊ ሆኜ ከአልጋው ራቅኩ፣ ያቺ ከኔ የምትበልጠው ጓደኛዬ ግን ዋርድ ላይ ቀረች፣ ሹመቱ የሷ ነበር፣ ይሄንንም አልተናገርኩም። አትቸኩሉ እላለሁ፣ ደሞ እንዳትቀሩም እፈልጋለሁ፣ እዛ ወንበር ላይ የአልጋውን ስራ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ለጠየቅከኝ ልጅ፣ ነገ ዋርድ ስትገባ "እከሌ እባላለሁ፣ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ" በል። ከኦፕራሲዮን የወጣ ካለ ደግሞ እጅህን አሙቅና ከእምብርቱ በታች ዳስሰው፣ መቼ እንደሸናም ጠይቀው።