«ልጄን ከግብፅ ጠራሁት» የተባለው ማን ነው?

ጥያቄ፦ መሪጌታ፣ ሆሴዕ 11፥1 «ልጄን ከግብፅ ጠራሁት» ያለው ስለ እስራኤል ነው። ማቴዎስ 2፥15 ላይ ለጌታ ሲያደርገው ቃሉን አላጣመመም? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልጄ፣ እኔም መንዝ ባና ተከናንቤ ትርጓሜ ስሰማ ይኸው ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። አላጣመመም። የእስራኤልን ታሪክ አልሻረም፤ እነሱ የሄዱበትን መንገድ ጌታ ዳግመኛ ሲሄድበት አየ እንጂ። ደግሞ ልብ በል፦ ሰብዓ ሊቃናት የሚባለው ጥንታዊው የብሉይ ኪዳን የግሪክ ትርጉም «ልጆቹን» ይላል፤ ማቴዎስ ግን «ልጄን» ከሚለው ከዕብራይስጡ ጋር ነው የቆመው። ለቃሉ የማይጠነቀቅ ሰው እንዲህ አይመርጥም።

የበርናባስ መልእክት የሚባለው ጥንታዊ ጽሑፍ ግን ርቆ ሄዷል። የአብርሃምን 318 ሎሌዎች በግሪክ ፊደል ቁጥር አስልቶ፣ 18ቱን የኢየሱስ ስም መነሻ ፊደላት፣ 300ውን ደግሞ «Τ» የሚለው ፊደል ቅርጹ መስቀል ስለሚመስል መስቀል ብሎ ፈታቸው። ደስ ይላል፤ ዘፍጥረት የተጻፈው በዕብራይስጥ ነውና ለማስረጃ ግን አላቀርበውም።